ጥያቄና መልስ፦ የአልሙኒየም ጀልባ፣ ከግዢ እስከ ሪቬት

በዚህ እትም ቦታውን የሰጠነው ከ12 እስከ 16 ጫማ ርዝመት ስላላቸው የአልሙኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ለደረሱን ጥያቄዎች ነው። አብዛኞቹ የተላኩልን ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ነው፤ ከሚኒሶታ፣ ከቴክሳስ፣ ከዋሽንግተን ስቴትና ከአዲስ አበባም ጽፋችሁልናል። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 14 ጫማ ጠፍጣፋ ጀልባ ከነተሳቢውና 9.9 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር ጋር አግኝቻለሁ። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ምን ልመልከት? ሻጩ ለፖቶማክ ወንዝም ይሆናል ይለኛል።
አንባቢ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ከኋላው ይጀምሩ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ በብዙ ጀልባዎች ላይ ውስጡ ፕላይውድ ነው። በአልሙኒየም ስለተሸፈነ መበስበሱ ከውጭ አይታይም። ሞተሩ እንደታሰረ የታችኛውን ጫፉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ ገፋ ያድርጉት፤ አብሮዎት የመጣ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ይመልከት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ከቡሎኖቹ ዙሪያ ውኃ ጨምቆ ከወጣ እንጨቱ አልቋል። ይህ ብቻውን ከግዢው አያስቀርዎትም። አሮጌውን እንጨት አውጥቶ እንደ መለኪያ በመጠቀም፣ ሁለት ባለ 3/4 ኢንች ፕላይውዶችን አጣብቆና ዙሪያውን በኢፖክሲ፣ ማለትም ባለ ሁለት ክፍል ጠንካራ ማጣበቂያ፣ አሽጎ መተካት ይቻላል። ዋጋው ላይ ግን ይደራደሩበት።

ቀጥሎ ከሥር ይግቡ። ዓይንዎን ከሆዱ ጋር አስተካክለው ከፊት ወደ ኋላ ሲመለከቱ መስመሩ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከኋላው ጫፍ አካባቢ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ተሳቢው በትክክል አልደገፈውም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጀልባ ፍጥነት ሲጨምሩ አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ይቀብራል። ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለውን ፎምም አይርሱት። በአሮጌ ጀልባ ላይ ፎሙ ውኃ መጥጦ ጀልባውን በእጅጉ ሊያከብደው ይችላል። ያኔ ጀልባው ከመክበዱም ሌላ፣ ውኃ ቢሞላበት ያንሳፍፈዋል የተባለው ፎም ሥራውን በሙሉ ዐቅሙ አይሠራም።

ሞተሩ ሲደርሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቅዎት፤ ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው አስቀድመው ይንገሩት። ውኃ ከተገናኘለት በኋላ አስነስተው ከጎኑ የምትወጣውን ቀጭን የውኃ ጅረት ይመልከቱ። ከደከመች ወይም ከቆራረጠች የውኃ ፖምፓው ጎማ መቀየር አለበት። ከዚያ የታችኛውን የማርሽ ዘይት መውጫ ቡሎን ትንሽ ላላ ያድርጉ። ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውኃ ገብቷል፤ ቢያንስ ማሸጊያ ጎማዎቹ መለወጥ አለባቸው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በቨርጂኒያ የጀልባ ባለቤትነትና ምዝገባ የሚሰጠው የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሲሆን ተሳቢው ደግሞ በተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ፣ በዲኤምቪ፣ በኩል ያልፋል። ሁለቱም ወረቀቶች በሻጩ ስም ይሁኑ። ከኋላው ግድግዳ በስተቀኝ ያለው ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ከወረቀቱ ጋር አንድ ካልሆነ አይክፈሉ።

ፖቶማክን ሻጩ እንዳቀለለው አናየውም። ጠፍጣፋ ጀልባ ለኦኮኳን ሐይቅና ጠበብ ላሉ ገባሮች ተስማሚ ነው፤ ኦኮኳን ላይ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ስለማይፈቀድ ሞተርዎም ልክ ይሆናል። ከውድሮው ዊልሰን ድልድይ በታች ግን ወንዙ ይሰፋል፤ ነፋሱ ከማዕበሉ ፍሰት ጋር ሲጋጭ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ይነሳል። ጠፍጣፋ ሆድ ያንን ሞገድ አይሰነጥቀውም፣ ይመታዋል። ሰማያዊ አምባዛ ለማጥመድ ወደዚያ ለመውጣት ካሰቡ የቪ ቅርጽ ሆድ ያለውን ይፈልጉ። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ከቨርጂኒያ ዳርቻ እንደወጡ ያለው ወንዝ የሜሪላንድ መሆኑ ነው፤ ከድልድዩ በታች የሚሠራብዎት የዓሣ ማጥመድ ደንብ ግን የሁለቱ ስቴቶች የጋራ የሆነው የፖቶማክ ወንዝ ዓሣ ሀብት ኮሚሽን የሚያወጣው ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 16 ጫማ የሪቬት ጀልባዬ ጥቂት ሰዓት ውኃ ላይ ሲቆይ ወለሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውኃ ይጠራቀማል። ሲሊኮን ቀባሁት፤ ለጊዜው ደኅና ሆኖ ነበር፣ አሁን ብሶበታል። ቢበየድስ?
አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይበየድ። በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተመትቶ በሚደፈጠጥ አጭር ችንካር፣ የተያያዘ ጀልባ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው። የብየዳው ሙቀት ላሜራውን ያጣምመዋል፣ አጠገቡ ያሉትን ሪቬቶች ያላላቸዋል፣ በመገጣጠሚያው መካከል ፋብሪካው ያስገባውን ማሸጊያ ያቃጥለዋል። ከመቀመጫው ሥር ያለው ፎምም እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

መጀመሪያ የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ ይለዩ። ጀልባውን ተሳቢው ላይ አስቀምጡና ጎማዎቹን በታኮ ያስይዙ፤ የውኃ መውጫ ቡሿን ዘግተው ከውስጥ ውኃ ይሙሉበት። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ወደ ውጭም ስለሚያወጣ ከሥር ሆነው ያዩታል። የውኃውን ክብደት ግን አይናቁ፦ 4 ጫማ በ10 ጫማ በሆነ ወለል ላይ 4 ኢንች ውኃ ማለት ወደ 100 ጋሎን፣ ማለትም ከ800 ፓውንድ በላይ ነው። ትንሽ ተሳቢ ይህን ላይችል ይችላል፤ ቀጭኑም ላሜራ ይጎብጣል። ስለዚህ በየተራ ይሥሩ። የተሳቢውን አፍንጫ ከፍ አድርገው የኋላውን ብቻ ይሙሉና ይፈትሹ፤ ካፈሰሱት በኋላ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ወደ ፊቱ ይሂዱ።

ጠብታ ያዩበት ቦታ የሚያፈሰው ሪቬት ላይሆን ይችላል፤ ውኃው ላሜራውን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው መጀመሪያ የሚረጥበውን ነጥብ ይጠብቁና በማርከር ያክብቡት። ሁሉንም ምልክት ሳያደርጉ ጥገና አይጀምሩ።

ራሱ ጤነኛ ሆኖ የላላ ሪቬት እንደገና በመምታት ይጠብቃል። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንደኛው ከውጭ ሆኖ ከባድ ብረት፣ ለምሳሌ የ4 ፓውንድ መዶሻ ራስ፣ በሪቬቱ ራስ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ የሪቬቱን ጅራት በመዶሻ 3 ወይም 4 ጊዜ ይመታል። ያዡ ብረቱን ካላላው ምቱ ላሜራውን ያጎደጉደዋል። በአራት ምት ካልጠበቀ ሪቬቱ መለወጥ ያለበት ነው፤ ብዙ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ለመለወጥ የራሱን መሀል ብቻ ይቦርቡሩ፤ ትራፓኖው ወደ ላሜራው ቀዳዳ ገብቶ እንዳያሰፋው ይጠንቀቁ። ራሱን በመሮ አንስተው ቀሪውን በፑንቶ ወደ ውስጥ ይግፉት። የተለመደው ልክ 3/16 ኢንች ነው። ከውስጥ መድረስ የማይቻልበት ቦታ ላይ በሪቬት መምቻ የሚገባውን ዓይነት መጠቀም ይቻላል፤ ግን ጫፉ የተደፈነው፣ መላው አልሙኒየም የሆነው ይሁን። በየሱቁ የሚሸጠው ተራው ዓይነት መሀሉ ክፍት ስለሆነ ውኃው በዚያው በመሀሉ ይገባል፤ ውስጡ የሚቀረው የብረት ዘንግም ይዝጋል። ከማስገባትዎ በፊት ሪቬቱን በባሕር ማሸጊያ ይንከሩት። ስሪ ኤም 5200 ጥሩ ነው፤ መደበኛው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈልጋል፣ ፈጣኑ አንድ ቀን ገደማ ይበቃዋል።

ሲሊኮኑ ለምን እንደከዳዎት ግልጽ ነው፤ አልሙኒየም ላይ አጥብቆ አይይዝም፣ ሲላቀቅም የሚያንሸራትት ቅሪት ስለሚተው ሌላ ማሸጊያ እንዳይይዝ ያደርጋል። ሙልጭ አድርገው በምላጭ ይፋቁት፣ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ብሩሽ ይቦርሹት፣ ከዚያ በአሴቶን ይጥረጉት። ሪቬቶቹ ጠብቀው መስመሩ አሁንም የሚያልብ ከሆነ፣ ለዚሁ የሚሸጠውን ባለ ሁለት ክፍል ፈሳሽ ኢፖክሲ፣ ለምሳሌ ግሉቪት፣ ከውስጥ በኩል በመገጣጠሚያው ላይ ይቀቡት። የላላ ሪቬት ላይ ኢፖክሲ ማፍሰስ ግን ጥገና አይደለም፤ ላሜራው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ ሠርተው መንስኤውን ካልነኩ በሚቀጥለው ዓመት ያው ነው። የተሳቢውን የእንጨት መደገፊያዎች ይመልከቱ፦ የኋላ ጫፋቸው ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ጋር እኩል መድረስ አለበት። ግድግዳው 6 ኢንች እንኳ ወደ ውጭ ካለፈ የሞተሩ ክብደት አየር ላይ ተንጠልጥሎ በየመንገዱ ጉድጓድ ይዘላል፤ የኋላውን ሪቬቶች የሚያላላቸው ይህ ነው። ከውኃው ይልቅ ጥርጊያው ነው ብዙ ጀልባ የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ በርክ ሐይቅ ላይ የቤንዚን ሞተር ስለማይፈቀድ የኤሌክትሪክ ሞተር መግዛት እፈልጋለሁ። ባለ 14 ጫማ ጀልባ ነው፣ ሁለት ሰው ነን። ስንት ፓውንድ ግፊት ይበቃኛል? ባትሪውስ?
አንባቢ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ የተለመደው ስሌት ለ100 ፓውንድ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት ነው። ጀልባው 250፣ ሁለታችሁ 350፣ ባትሪው 55፣ ዕቃው 95 ፓውንድ ቢሆን ጠቅላላው 750 ስለሆነ 15 ፓውንድ ይወጣል። ይህ ግን ነፋስ በሌለበት ነው። ጠፍጣፋና ቀላል ጀልባ እንደ ቅጠል በነፋስ ስለሚወሰድ ከ40 በታች አይግዙ፤ 55 ካገኙ በባለ 12 ቮልት የሚሠራ ጥሩ ልክ ነው። የዘንጉ ርዝመት ፕሮፔለሩን ከውኃው ወለል ቢያንስ አንድ ጫማ ዝቅ ማድረግ አለበት።

ባለ 55 ፓውንድ ሞተር ሙሉ ፍጥነት ላይ ወደ 50 አምፒር ይስባል፤ በግማሽ ፍጥነት ከ15 እስከ 20 ገደማ ነው። የ100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባያወርዱት ዕድሜው ስለሚረዝም ሊጠቀሙበት የሚገባው 50ውን ነው፤ በዝግታ ወደ 3 ሰዓት ይሄዳል። ተመሳሳይ ልክ ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ስለሚሰጥ 4 ወይም 5 ሰዓት ያቆያል፤ ክብደቱም የግማሽ ያህል ነው። ቻርጀሩ ግን ለሊቲየም የተሠራ ይሁን። የመኪና ባትሪ አይጠቀሙ፤ ለአንድ ጊዜ ትልቅ ምት እንጂ ለረጅም ፈሰስ አልተሠራም።

ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 60 አምፒር ብሬከር ያስገቡ፤ ሽቦው 6 ጌጅ ይሁን። ኔጌቲቩን ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ ይጎትቱት እንጂ እንደ መኪና ከጀልባው አካል ጋር አያገናኙት። በአልሙኒየሙ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ሆዱን ይበላዋል። እና አንድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ በቨርጂኒያ የኤሌክትሪክ ሞተር የገጠመ ጀልባም እንደ ሞተር ጀልባ ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ የጀልባዬን ወለል የዝናብ መከላከያ በተነከረ እንጨት፣ ለረንዳ በሚሸጠው ማለት ነው፣ ቀይሬ ምንጣፍ አለበስኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳነሳው ከሥሩ ነጭ ዱቄትና መርፌ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች አገኘሁ። ላሜራው መጥፎ ስለሆነ ነው?
አንባቢ፣ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

መልስ፦ ላሜራው ደኅና ነበር፤ የበላው እንጨቱ ነው። ለረንዳ የሚሸጠው እንጨት እንዳይበሰብስ የሚነከረው በመዳብ ውህድ ነው። በአሜሪካ ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ አርሴኒክ ያለበት የቀድሞው ዓይነት ለቤት ግንባታ ከቀረ በኋላ የተተካው ደግሞ የመዳብ መጠኑ የበለጠ ነው። መዳብ፣ አልሙኒየምና እርጥበት ሲገናኙ ልክ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚያ ግንኙነት ውስጥ የሚሟሟው ሁልጊዜ አልሙኒየሙ ነው። ምንጣፉ እርጥበቱን ይዞ ስለቆየ ሥራው ያለ ዕረፍት ቀጠለ።

እንጨቱን በሙሉ ያውጡ፤ የተሳቢው መደገፊያም ከዚሁ እንጨት ከሆነ እንዲሁ። ነጩን ዱቄት በማይዝግ ብረት ብሩሽ ፍቀው አጥበው ያድርቁ። ተለያይተው ያሉ የመርፌ ቀዳዳዎች በኢፖክሲ ይደፈናሉ። በአንድ አካባቢ ከተሰበሰቡ ግን በመካከላቸው ያለው ላሜራም ሳስቷል ማለት ስለሆነ ባለ 5052 ዓይነት የአልሙኒየም ቁራጭ ያልብሱበት፤ ከተበላው ቦታ በየአቅጣጫው አንድ ኢንች ተኩል ያህል አልፎ፣ ከሥሩ ማሸጊያ ተቀብቶ፣ ዙሪያውን በተደፈኑ ሪቬቶች ይያዝ። ለወለል ተራ የውጭ ፕላይውድ በኢፖክሲ የታሸገ ወይም የአልሙኒየም ላሜራ ይጠቀሙ።

በዚሁ ምክንያት ወለሉ ላይ ሳንቲም፣ የነሐስ ዕቃና የእርሳስ ማስመጫ ወድቆ እንዳይቀር። መዳብ ያለበትን የጀልባ ሆድ ቀለምም በፍጹም አይቀቡ። የማይዝግ ብረት ቡሎን በጨዋማ ባልሆነ ውኃ ላይ ችግሩ ትንሽ ነው፤ ጥርሱን ለዚሁ በሚሸጠው ማለያያ ቅባት ነክረው ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ጀልባዬን እየጎተትኩ ሳለ የመውጫ ቡሿን ስላላወጣሁ ተቀጣሁ። እንዲህ ያለ ሕግ አለ?
አንባቢ፣ ሚኒያፖሊስ

መልስ፦ አለ። በሚኒሶታ ጀልባ በመንገድ ላይ ሲጎተት ቡሹ ወጥቶ፣ ውኃው በሙሉ ፈስሶ መሆን አለበት፤ የትንንሽ ዓሣ መያዣ ባልዲዎ ውኃም ጭምር። ዚብራ መስል የተባለው ወራሪ እንስሳ ዕጭ በዓይን ስለማይታይ በጠብታ ውኃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ቡሿን ከሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ ወይም ከድንገተኛ ማጥፊያው ገመድ ጋር ያንጠልጥሏት፤ ሳይመልሷት ውኃ ላይ እንዳይወርዱ።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ወደ ቴክሶማ ሐይቅ ስሄድ የተሳቢዬ አንድ እግር ጢሶ ኩሽኔታው ተቃጠለ። ተሳቢው አዲስ ነው ማለት ይቻላል።
አንባቢ፣ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ሥራው የሚበላሸው በጥርጊያው ላይ ሳይሆን ሐይቁ ዳር ነው። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ እግሩ ይሞቃል፤ ያንን ትኩስ ብረት በቀጥታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በኋላው ማሸጊያ ጎማ በኩል ውኃ ይስባል። ግራሶው ወደ ወተትነት ይቀየራል፤ ተሳቢው ቆሞ ሲከርም ኩሽኔታው ይዝጋል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይቃጠላል። ደርሰው ዕቃ ሲያዘጋጁ 20 ደቂቃ ይታገሡ። የመብራቱንም ሶኬት ከመውረድዎ በፊት ይንቀሉ፤ የጋለ አምፖል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይፈነዳል።

በየዓመቱ ኩሽኔታዎቹን አውጥተው በቤንዚን ሳይሆን በማጠቢያ ፈሳሽ ያጽዱ፣ ያድርቁና ለጀልባ የተሠራውን ግራሶ በመዳፍዎ እያሹ በየመካከሉ ያስገቡ። የኋላው ማሸጊያ ጎማ በየጊዜው አዲስ ይሁን። ዳዶውን እግሩን እያሽከረከሩ አጥብቀው ሁሉም ሲቀመጥ መልሰው ያላሉት፤ ከዚያ በጣት ብቻ አጥብቀው ኮፒሊያውን ያስገቡ። በኪያቬ የጠበቀ ኩሽኔታ በ50 ማይል ውስጥ ይቃጠላል። ከፊት ያለው የግራሶ መግቢያ ካለውም ፖምፓውን አያብዙ፤ ትርፉ የኋላውን ማሸጊያ ገፍቶ ያወጣዋል። ጉዞ እንደጀመሩ 10 ማይል ላይ ቆመው እግሩን በእጅ ጀርባ ይንኩ። ለብ ማለቱ ደኅና ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ አይቀጥሉ። ኩሽኔታውና ግራሶው የገባለት አንድ ሙሉ መለዋወጫ እግር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ምት 15 የፈረስ ጉልበት ሞተሬ በደንብ ይነሳል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። የዘይቱ መጠን ይሆን?
አንባቢ፣ ሬንተን፣ ዋሽንግተን ስቴት

መልስ፦ መልሱ የቤንዚን ቱቦው ላይ ባለችው የእጅ ፖምፓ ውስጥ ነው። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ይጨብጧት። ጠፍጣፋ ሆና ከተጨማደደች ቤንዚን ከታንከሩ እየመጣ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ መከፈቷን ይዩ። ክፍት ከሆነች ቱቦውን ይጠርጥሩ፤ ቤንዚን ውስጥ የሚደባለቀው አልኮል፣ ኤታኖል፣ የቱቦውን የውስጥ ሽፋን አላቆ ይዘጋዋል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ፖምፓዋ ጠንካራ ሆና ሞተሩ ከጠፋ ችግሩ ካርቡራተሩ ላይ ነው። ስትጨምቋት ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ደግሞ የሞተሩን የቤንዚን ፖምፓ ስስ ጎማ ይቀይሩ።

ዘይቱ፣ መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ፣ ለአንድ ጋሎን 76 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ6 ጋሎን ታንከር 455። ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ስለተሠራ አይሆንም። 15 በመቶ ኤታኖል ያለውን ቤንዚን በጀልባ ሞተር መጠቀም በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ 10 በመቶው ይሠራል፣ ኤታኖል የሌለው ከተገኘ ይመረጣል። ለክረምት ሲያስቀምጡ ማቆያ ፈሳሽ ጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ያስነሱ፤ ታንከሩ ውስጥ መጨመር ብቻውን ወደ ካርቡራተሩ አያደርሰውም።

ጥያቄ፦ ባለ 14 ጫማ ጀልባዬ ላይ ያለችው ቢጫ ሳህን 4 ሰው ወይም 590 ፓውንድ ትላለች። እኛ ባልና ሚስት ከ4 ትንንሽ ልጆች ጋር ብንመዘን 590 አንሞላም። አብረን መውጣት እንችላለን?
አንባቢ፣ ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እባክዎ አይውጡ። በሰው ቁጥርም በፓውንድም ያለውን ገደብ አብረው ይጠብቁ። ክብደት የማይናገረው ነገር አለ፤ አንድ ልጅ ዓሣ ሲይዝ አራቱም ወደዚያው ጎን ይሮጣሉ፣ እናታቸውም ለመያዝ ትነሣለች። የዚህ ዓይነቱ ጀልባ የሚገለበጠው እንዲህ ባለ ቅጽበት ነው። በሁለት ዙር ይውጡ፤ አንደኛው ወላጅ ከሁለት ልጆች ጋር ዳር ይቆይ።

ሳህኗ የጠፋችበት ጀልባ ላላቸው፣ ከ20 ጫማ በታች ለሆነ ጀልባ የሚሠራው ስሌት ርዝመቱን በስፋቱ በጫማ አባዝቶ ለ15 ማካፈል ነው። 14 በ5 ሲባዛ 70፣ ለ15 ሲካፈል 4.67 ስለሚሆን 4 ሰው ነው፤ ወደ ላይ አይጠጋጋም።

ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት የግድ ነው፤ የልጆቹ የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ አንድ ዓይነት፣ ከ50 እስከ 90 ሌላ። አልብሰው፣ አስረው፣ በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይሳቡት፤ ከአገጩ አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ተብሎ ሰፊ አይገዛም። ጀልባው 16 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ የሚወረወር መንሳፈፊያም ሕጉ ይጠይቃል። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ 3 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ባለው ትንሽ ጀልባ በፍጥነት ሲሄዱ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከራስዎ ጋር ማሰርም ግዴታ ነው። ነጂው ወድቆ ጀልባው በልጆቹ ብቻ ሲሽከረከር አስቡት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ባለ 14 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባ ከ15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር ሊልክልኝ ነው። ዝዋይ ወይም ጫሞ ላይ ለቆሮሶና ለአምባዛ ልጠቀምበት አስባለሁ። ይሆናል?
አንባቢ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ሐይቁን ከውኃው ጠባይ ተነሥተው ይምረጡ። አልሙኒየምን የሚጠብቀው በላዩ ላይ ያለው ስስ ኦክሳይድ ሲሆን እሱም የሚጸናው ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) በግምት ከ4 እስከ 8.5 በሆነ ውኃ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ መሟሟት ይጀምራል። ጣና በዚህ ረገድ ምቹ ነው፤ ዝዋይ ወሰኑ አካባቢ ነው። ጫሞና አባያ ወደ 9 ይጠጋሉ። ሻላንና አብያታን ለአልሙኒየም አያስቡ። ጫሞ ላይ ከሆነ ሆዱን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ለአልሙኒየም የተሠራ ፕራይመርና ሁለት ዙር ኢፖክሲ ቀለም ይቀቡት፤ በየቀኑ ከውኃ አውጥተው ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ ውኃ ያጥቡት። ጫሞ ጉማሬና አዞ የሞላበት ስለሆነም ጎኑ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ጀልባ አይመረጥለትም፤ ጥልቅና የቪ ሆድ ያለው ይላክልዎ፣ ከጉማሬ መንጋም ይራቁ።

ሞተሩ ከፍታውን ይሰማዋል። በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጣና 15ቱ ወደ 12 ይወርዳል፤ 1,636 ሜትር ላይ ባለው ዝዋይ ከ12.5 ብዙም አይርቅም፤ 1,110 ሜትር ላይ ባለው ጫሞ 13 ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ወንድምዎ ፕሮፔለሩን ከመደበኛው 1 ወይም 2 ኢንች ባነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት በሚገፋበት ርቀት) ይግዛ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ጭነት ይዞ ዙሩን ማንሣት ያቅተዋል። ካርቡራተር ያለው ከሆነ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጠቁሮና ረጥቦ ከታየ ለከፍታ የሚሆነውን አነስተኛ የቤንዚን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ቁራጭ) ያስገቡለት።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ ወደ 5.9 ሜትር ርዝመትና 2.35 ሜትር ስፋት ስላለው ባለ 14 ጫማው በቀላሉ ይገባል፤ መቀመጫቸው የሚነሣ ከሆነ አንዱን በአንዱ ውስጥ መደራረብም ይቻላል። ከመጫኑ በፊት ቀረጡን ጉምሩክ ጠይቀው ይወቁ። ከጀልባው ጋር አብረው ይምጡልዎ፦ 3 የውኃ ፖምፓ ጎማ፣ 6 ካንዴላ፣ ትርፍ ፕሮፔለር ከነፒኑ፣ ሙሉ የቤንዚን ቱቦ ከነእጅ ፖምፓው፣ የማርሽ ዘይት ቡሎን ማሸጊያዎች፣ 2 የመውጫ ቡሽ፣ ጫፋቸው የተደፈነ 100 ባለ 3/16 ሪቬቶች ከመምቻው ጋር፣ እና ሁለት ቱቦ የባሕር ማሸጊያ።